ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ረጅም መንገድ፦ የካቶሊክ ሆስፒታሎች፣ የተሐድሶ ሕክምና እና ወላይታ

ሞተር ብስክሌት ሲያሽከረክር የተጋጨ አንድ ወጣት አለ እንበል። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ዘመዶቹ ተሯሩጠው ሶዶ ያደርሱታል፤ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ አጥንቱን የሚደግፍ ብረት ይገባለታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ክራንች ይዞ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ የከፈለው ገንዘብ በከንቱ አልቀረም፤ አጥንቱ ገጥሟል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል። ወጣቱ ሕመሙን ፈርቶ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ከርሟል፤ እንዲያንቀሳቅስ ያሳየውም፣ የገፋፋውም ሰው አልነበረም። በኤክስሬይ ሲታይ ሕክምናው የተሳካ ነው። በማሳ ላይ ሲታይ ደግሞ አንድ ገበሬ ጎድሏል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚያ ሦስት ወራት ላይ ነው። በሕክምና ቋንቋ «ተሐድሶ» ይባላሉ። ቃሉ በአገራችን ብዙ ሸክም አለበት፤ አንዱ ስለ ቀድሞ ተዋጊዎች፣ ሌላው ስለ ሃይማኖት ውዝግብ፣ ሌላው ደግሞ ስለ ሱስ ማገገሚያ ይሰማዋል። እዚህ የምንለው የተሐድሶ ሕክምና በበሽታ፣ በአደጋ ወይም በተፈጥሮ ምክንያት የአካል ወይም የአእምሮ አቅሙ የቀነሰ ሰው የዕለት ኑሮውን እንደገና መምራት እንዲችል የሚሰጠውን እርዳታ ነው። ፊዚዮቴራፒ፣ የሰው ሠራሽ እግርና እጅ ሥራ፣ ደጋፊ ጫማና ብረት፣ የንግግርና የመዋጥ ልምምድ፣ የቁስል ክብካቤ፣ የተሽከርካሪ ወንበር አሰጣጥና አጠቃቀም፣ የሥነ ልቦና ምክር ሁሉ በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከሦስት ሰው አንዱ፣ በሕይወቱ በሆነ ወቅት የተሐድሶ ሕክምና ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር እንዳለበት ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 «ተሐድሶ 2030» የሚል ጥሪ አቀረበ፤ በግንቦት 2023 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ አገልግሎቱ በየአገሩ የጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲገባ ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው ጥሩ ነው፤ ዱቦ ወይም ሁምቦ ድረስ የሚወስደው መንገድ ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል።

በወላይታ ማን ምን ይሰጣል?

በወላይታ ዞን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚታወቀው ሆስፒታል በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ከአረካ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ነው። በደረጃው «የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል» ይባላል። በኢትዮጵያ የጤና መዋቅር ይህ ደረጃ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ የታሰበ ሲሆን፣ ከጤና ጣቢያ ከፍ ብሎ አስቸኳይ ሕክምና፣ የወሊድ አገልግሎትና መሠረታዊ ቀዶ ጥገና የሚሰጥበት ነው። ስለዚህ ዱቦ ለተሐድሶ ብቻ የቆመ ሆስፒታል አይደለም፤ ወባ የያዘው ሕፃንም፣ ምጥ የያዛት እናትም የሚመጡበት የገጠር ሆስፒታል ነው።

በሶዶ ከተማ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ተቋማት አሉ። አንደኛው ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኦቶና» እያለ የሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ኦቶና መነሻው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ሕክምና ነበር፤ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ዞረ፤ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆነ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ሲሆን፣ በአጥንት ቀዶ ሕክምናና በቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ስሙ የታወቀ ነው። እንግዲህ አጥንት የሚጠግን እጅ በወላይታ አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ፣ በተለይም የሰው ሠራሽ እግር ሥራ፣ ነው ራቅ የሚለው። በአካባቢው የታወቀው የአካል ተሐድሶ ማዕከል የሚገኘው ከሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በአርባ ምንጭ ነው። ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ ጨምሯል። ወላይታ ከአገሪቱ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩ የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የአንድ አባወራ ማሳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። እንሰትና ጎደሬ፣ ስኳር ድንችና ቦዬ የሚቆፈረው በእጅና በእግር ጉልበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ እግር መጎዳት የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ማሳ የሚገባው ልጅ፣ ገበያ ስትወጣ በሽተኛ ቤት ጥላ የምትሄደው ሚስት፣ ሁሉም የዚያ እግር ዕዳ ከፋዮች ናቸው።

የካቶሊክ ተቋማት ከየት ተነሥተው እዚህ ደረሱ?

የካቶሊክ ሚሲዮኖችና የተሐድሶ ሕክምና በኢትዮጵያ የተገናኙት በሥጋ ደዌ በኩል ነው ማለት ይቻላል። በምዕራብ አርሲ የሚገኘው የጋምቦ ሆስፒታል በኮንሶላታ ሚሲዮናውያን የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያና ማከሚያ ሆኖ ነበር፤ አጠቃላይ የገጠር ሆስፒታል የሆነው ቆይቶ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ ምንም እንኳ የካቶሊክ ተቋም ባይሆን፣ ከመነሻ ስሙ ውስጥ «ተሐድሶ» የሚለውን ቃል የያዘ ነው። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። መድኃኒቱ የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ይገድላል፤ የደነዘዘ እግር ግን ደንዝዞ ይቀራል። ሚስማር ሲወጋው፣ እሳት ሲፈጀው የማይሰማ እግር ተገቢ ጫማ ካላገኘ፣ ባለቤቱም በየማታው እግሩን አገላብጦ ማየት ካልተማረ፣ «ዳነ» የተባለው ሰው በዓመታት ውስጥ ጣቶቹን ያጣል። ስለዚህ በእነዚህ ግቢዎች ከሐኪሙ ክፍል አጠገብ የጫማ ሰፊው ክፍል ነበረ። ዛሬ የስኳር በሽታ እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰዎች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ያ ጫማ ሰፊ እንደገና ያስፈልገናል፤ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ግን የለም።

ሌላው ልብ የሚባል ምሳሌ በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሙን ያስጠራው ከሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ መጥተው፣ የራሳቸውን ምግብ እያበሰሉ፣ ምጡ እስኪመጣ እዚያው ይቆያሉ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የነበረውን መረጃ የመረመረ ጥናት ከማቆያው ገብተው ከወለዱት መካከል የሞት መጠኑ ከ100,000 ወላዶች 90 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ መሆኑን አሳይቷል። ንጽጽሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከከፋ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸው። ቢሆንም ቁም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ውድ መሣሪያ የለም። ያለው አልጋ፣ ማብሰያና ለሆስፒታሉ ቅርብ መሆን ነው።

ይህን ያነሣሁት ለወላይታ ተሐድሶ ከዚህ የተሻለ አርአያ ስላላየሁ ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ለማግኘት ልኬት ይወሰድለታል፣ ይሠራለታል፣ ይሞክረዋል፣ ይስተካከልለታል፣ ከዚያ መራመድ ይማራል። ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ ሳምንታት ይወስዳል። ለብዙ ገጠሬ የሚከብደው የእግሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ሳምንታት የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ነው። በአጣጥ ያለው ዓይነት ማቆያ ቤት ለነፍሰ ጡር ከሠራ፣ እግሩ ለተቆረጠም፣ በስትሮክ ግማሽ አካሉ ለደከመም፣ በእሳት ቃጠሎ ክንዱ ለተጨማደደ ልጅም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው በወሊሶ የሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ፈቃዱ የግል፣ ዓላማው ግን ትርፍ አልባ ሆኖ፣ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ለደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን የሪፈራል ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። ይህ መስመር መታወቅ አለበት። በአገራችን «የግል ሆስፒታል» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ውድ ክሊኒክ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታሎች ግን የመንግሥትም አይደሉም፣ የነጋዴም አይደሉም። ከታካሚ ይከፈላቸዋል፤ የሚከፈለው ግን ብዙ ጊዜ ወጪያቸውን አይሸፍንም፤ ልዩነቱን የሚሞላው ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ነው። ዛሬ ችግር የገጠመውም እዚህ ላይ ነው።

የወላይታ አፈር ጉዳይ

ስለ ተሐድሶ በወላይታ ተነሥቶ ፖዶኮኒዮሲስን ማለፍ አይቻልም። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ሌላ ነው፤ ይህኛው ተላላፊ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ገብተው የሊምፍ መስመሮችን ያስቆጣሉ፤ መስመሮቹ ሲዘጉ እግሩ ከታች ወደ ላይ ማበጥ ይጀምራል። ዝናብ የሚበዛባቸው ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች ይበልጥ ይጠቃሉ። አፈሩን የሚረግጥ ሁሉ አይታመምም። ከደቡብ ኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት አንዳንድ ቤተሰቦች በዘር በሚወርስ የሰውነት መከላከያ ባሕርይ ምክንያት ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ ቤት ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየውም ለዚህ ነው። ሰዉ ግን ይህንን «የዘር በሽታ» ብሎ ተርጉሞት ትዳር ይከለክልበታል። የዘር ተጋላጭነት ያለው ልጅም ቢሆን ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ አይታመምም። ይህች አንዲት እውነት በየሰርግ ድርድሩ ብትነገር ብዙ ትዳር ትታደግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ (5.46 በመቶ) በዚህ በሽታ መያዙን አገኘ። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወጪውን አሰላ፤ አንድ ታማሚ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለው ዞን ደረጃ ሲሰላ የሚጠፋው ምርታማነት በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። ቁጥሮቹ የቆዩ ቢሆኑም፣ ስለ ተሐድሶ ዋጋ ለሚከራከር ሰው ከእነዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ምክንያቱም ሕክምናው እጅግ ርካሽ ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጤና ባለሙያው ባሳየው መጠን በጣም በቀጠነ በረኪና ወይም ሌላ ፀረ ተሕዋስ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የንጽጽር ጥናት ይህ ቀላል ክብካቤ ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የእግር ቁጣ ድግግሞሽ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በሶዶ ይህን ሥራ በስፋት የጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር ነው። አሠራሩ ልብ ይሏል፤ ታማሚዎችን ወደ ሶዶ ከመጥራት ይልቅ በየገበያውና በየወረዳው የሕክምና ጣቢያ ከፈተ፤ የዳኑ ታማሚዎችን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲያክሙ፣ ጫማ እንዲሰፉ አደረገ። ሆስፒታል ያልሆነ ድርጅት ለተሐድሶ ሆስፒታሎች የሚሆን ትምህርት የሰጠበት ነው። ውስጥ የሚተኛ ሰው ቁጥርን እንደ ስኬት መለኪያ የሚይዝ ተቋም ይህን መንገድ በቀላሉ አያገኘውም።

ወጌሻ፣ ጀሶ እና የተወለደ ሕፃን እግር

የወጌሻን ነገር በንቀት ማለፍ ስህተት ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ከታካሚው ጋር በራሱ ቋንቋ ያወራል፤ ለወለምታና ለቀላል ጉዳት ብዙ ሰው ረድቷል። አደጋው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም እግር ሲያብጥ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ወይም ጨርቅ የደም ዝውውርን ይዘጋል፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ከሚደረጉ የልጆች እጅና እግር መቁረጦች ውስጥ በዚህ ምክንያት የሚመጡት ጥቂት አይደሉም። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ማሰሪያውን ወዲያው መፍታትና በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ እስከ ነገ መጠበቅ የለበትም። ይህ በጤና ተቋም ለታሠረ ጀሶም ያው ነው። ሚሲዮን ሆስፒታሎችም ሆኑ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ወጌሾችን ጠርተው ይህችን አንዲት ምልክት ቢያስተምሩ ከብዙ ሰው ሠራሽ እግር ሥራ ይገላገሉ ነበር።

በሌላ በኩል እግራቸው ወደ ውስጥ ዞሮ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ከሺህ ሕፃናት አንድ ገደማ። ፖንሴቲ የሚባለው ሕክምና በየሳምንቱ ጀሶ እየለወጡ እግሩን በቀስታ ማስተካከል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ጀሶ ይበቃል፤ በመጨረሻ ተረከዝ ላይ ባለው ጅማት ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ሕፃኑ ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘበት መሣሪያ ያደርጋል፤ ለሦስት ወር ያህል ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ሲተኛ ብቻ። ሕክምናው የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ ጀሶው ላይ አይደለም፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ሲታይ «ድኗል» ተብሎ መሣሪያው ሲጣል ነው። እናት ልጇን አዝላ በየሳምንቱ መምጣት ካልቻለች፣ አባት ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ መሣሪያውን ፍቺለት ካለ፣ ምርጡ ሐኪምም ምንም አያመጣም። የተሐድሶ ሕክምና ግማሹ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ወቅቱ ጉዳይ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ የአጥንት ብረቱ፣ መጋጠሚያው፣ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በዚህ ላይ ለዓመታት በኢትዮጵያ የአካል ተሐድሶ ማዕከሎችን ሲደግፍ የኖረው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2023 እ.ኤ.አ. 430 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ወጪ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አቆመ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። እነዚህ ነገሮች ተደራርበው ሲመጡ በሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ምጥና የወባ ሕክምና አይቀነሱም፤ መቀነስም የለባቸውም። የሚቀነሰው «ሳይሞት ሊቆይ ይችላል» የሚባለው ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ከዚህ በፊት ሁሉም ነገር ሐዋሳ ይወሰን ነበር። አሁን ውሳኔ ሰጪው ቢሮና በሽተኛው በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ይህ ቅርበት ለተሐድሶ አገልግሎት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሆኖም የቆየ አንድ እንቅፋት አለ። በኢትዮጵያ የአካል ድጋፍ ማዕከሎች ለረጅም ዘመን ሲተዳደሩ የኖሩት በጤና ሳይሆን በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በኩል ነው። ሆስፒታሉ እግር ይቆርጣል፤ ሌላ መሥሪያ ቤት እግር ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ታካሚው ብቻውን ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስምምነቱ ተሐድሶን በመብትነት አስቀምጦታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው አገሪቱ ተስፋፍቷል። ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ከመድኅኑ ጋር ውል መግባት ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከውጭ ረጂ ይልቅ የቦሎሶ ሶሬ ገበሬ መዋጮ ገቢው ይሆናል ማለት ነው። ግን መድኅን የሚከፍለው በአገልግሎት ቁጥር ነው። ቀዶ ጥገና አንድ ትልቅ ሂሳብ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ሃያና ሠላሳ ጊዜ የሚደጋገም ትንሽ ሂሳብ ነው። ሐኪሙ የአጥንት ቀዶ ጥገናን ካዘዘ የተከታታይ ፊዚዮቴራፒው ክፍያ አብሮ በአንድ ጥቅል እንዲታሰር ካልተደረገ፣ ማንም የሆስፒታል አስተዳዳሪ ቅዱስም ቢሆን፣ ክፍሉን ለማቆየት ይቸገራል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ወላይታ ውስጥ አዲስ የተሐድሶ ሆስፒታል ሕንፃ ለመሥራት ገንዘብ የሚያፈላልግ ሰው ካለ፣ ቢያስብበት ይሻላል። ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ፎቶ ይነሣለታል፤ በአምስተኛው ዓመት የጣሪያው ማደሻ ይጠፋል። ከዚያ ይልቅ ባሉት ሆስፒታሎች ውስጥ ደመወዛቸው የተረጋገጠ ጥቂት ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ከአርባ ምንጭ ማዕከል ጋር በወር በተወሰነ ቀን የሚመጣ የልኬት ቡድን፣ አጠገቡም የአጣጥ ዓይነት ቀላል ማቆያ ቤት ቢኖር የብዙ ሰው እግር ይነሣል። የዱቦ ዓይነት ተቋም ለዚህ አመቺ የሚሆነው ገጠሩ መካከል ስለሆነና ሰው ስለለመደው ነው። የካቶሊክ መሆኑ ለማንም ታካሚ መቀበያ መስፈርት አይሆንም፤ በወላይታ አብዛኛው ሕዝብ የወንጌላዊት ወይም የኦርቶዶክስ ምእመን ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣውም ያው ሕዝብ ነው።

ታካሚ ቤት ካለዎት

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛውን መገጣጠሚያ ከመቼ ጀምሮ እናንቀሳቅስ፣ በእግሩ ላይ መቼ ይቁም፣ መቼ ተመልሰን እንምጣ። መልሱ በወረቀት ይጻፍልዎ። የጤና መድኅን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ የሪፈራል ወረቀት ሳይዙ አይነሡ፤ በቀጥታ ሄደው ከተገኙ ወጪውን ከኪስዎ እንዲከፍሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሊሄዱበት ያሰቡት የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ከወረዳዎ መድኅን ጋር ውል እንዳለው አስቀድመው ከቀበሌው ያረጋግጡ።

እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ካለ፣ ለምቾት ብለው ከጉልበቱ ሥር ትራስ አያድርጉ። ጉልበቱ ታጥፎ ከደረቀ በኋላ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም በጣም ይከብዳል። የቀረውን የእግር ክፍል ቀጥ አድርጎ ማስተኛት፣ በቀን ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ በሆድ መተኛት፣ ፋሻውንም በታየው መንገድ ከታች ወደ ላይ እየላላ እንዲሄድ አድርጎ መጠቅለል ይጠቅማል። የአዋቂ ሰው ሠራሽ እግር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ የልጅ ግን ልጁ ሲያድግ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ መለወጥ ስላለበት ወጪውን ከወዲሁ ያስቡበት።

ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ካለ፣ ልምምዱ ሆስፒታል ሳለ፣ ሕመምተኛው እንደተረጋጋ ይጀመራል፤ «ይረፍ» ተብሎ ለወራት አይተኛም። በደከመው ክንድ አይጎትቱት፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ሲጠጣ ካሳለው፣ ውኃ በግድ አያጠጡት፤ መዋጡ መታየት አለበት። ከወገብ በታች የማይሰማው ሰው ካለ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ያገላብጡት፤ ወገቡን፣ ተረከዙንና ዳሌውን በየቀኑ ይመልከቱ። የቀላ ቆዳ ላዩን ትንሽ ቢመስልም ውስጡ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የዝሆኔ ታማሚ ድንገት ከተንቀጠቀጠ፣ እግሩም ከጋለና ካመመው፣ ያሳርፉት፤ እግሩን ከፍ አድርገው በቀዝቃዛ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ያድርጉለት፤ ፈሳሽ ያጠጡት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ የእግር እጥበቱን በማግስቱ ይቀጥሉ።